ሰዓቱ የባዕድ፣ ጠፍሩ የአገር

ከእጅ ሰዓት አካላት ሁሉ ቀድሞ የሚሞተው ማሰሪያው ነው። ጥርሳም መዘውሮቹና ሞላው በብረት ሽፋን ውስጥ ተሸሽገው፣ ከአቧራና ከርጥበት ተጠብቀው ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲዞሩ፣ ማሰሪያው ግን የባለቤቱን ላብ እየጠጣ፣ ዝናሙን እየተቀበለ፣ ከበር መቃን ጋር እየተፋተገ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ያልቅና ባለቤቱ ሰዓቱን በኪሱ ከትቶ ወደ ገበያ ይወጣል፤ እዚያም በሚስማር ላይ ከተንጠለጠሉት ከቆዳው፣ ከብረቱ፣ ከጨርቁና ከጎማው አንዱን ይመርጣል። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰዓት በዕድሜው አሥር ያህል ማሰሪያ ይቀብራል ማለት ነው። ስለ ሰዓት የጻፉ የውጭ አገር ሊቃውንት ስለ መዘውሩ ድርሳን በድርሳን ላይ ሲደርቡ ማሰሪያውን በጥቂት መስመር ማለፋቸው ከዚሁ ከጠፊነቱ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ታሪክ የሌለው ይመስላልና።

እኔ ይህን አስተሳሰብ የተውሁት በሻኪሶ ነው። ሻኪሶ በጉጂ ምድር፣ አዶላ እየተባለች ከምትጠራው ከክብረ መንግሥት በስተ ደቡብ፣ በደንና በቡና መካከል የተቀመጠች፣ ስሟም ከወርቅ ጋር የተቆራኘ ከተማ ናት፤ የለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን ከእርሷ ብዙ አይርቅም። አፈሯ ቀይ ነው፤ ዝናም ሲመታው ጭቃ ሆኖ ጫማ ያስወልቃል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ደቅቆ በእጅጌ ሥር ይገባል። ከክብረ መንግሥት ተነሥቶ በዋደራ በኩል ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሰው ደግሞ ደኑ እየሳሳ፣ ግራሩና ኩይሳው እየበዛ፣ አየሩም ከንፈር እስኪሰነጥቅ ድረስ እየደረቀ ሲሄድ ያያል። በእነዚህ በሁለቱ አገሮች መካከል፣ ማለት በርጥቡና በደረቁ መካከል፣ ሲመላለስ የሚኖር ሾፌር፣ እዚህ የሚበሰብስ ማሰሪያ እዚያ እንደሚሰነጠቅ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ሰዓቱ በስዊስ ወይም በጃፓን ተሠርቶ፣ ተዘግቶ፣ ታትሞ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ የዚህ አገር ሰው እጁን ያስገባበት፣ በራሱ ቆዳና በራሱ ወስፌ እንደ ራሱ ኑሮ አድርጎ ያበጀው ክፍል ቢኖር ግን ማሰሪያው ብቻ ነው።

ሰዓት ወደ አገራችን ከመምጣቱ አስቀድሞ ጊዜ የሚታወቀው በእጅ ላይ በታሰረ ነገር አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ሰው ቀኑን በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓት፣ በሠርክ እያለ በጸሎት ይከፍለው፣ የጥላውንም ርዝመት በጫማው እየለካ ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት ይለይ ነበር፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የደረሱት መጽሐፈ ሰዓታትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጸሎት ጊዜያት ነው። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ደግሞ አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ ከፍለው በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ የብረት መዘውር አላስፈለጋቸውም። በዚህም በደቡብ የቦረና አያንቱዎች ጨረቃ ከከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት እየተመለከቱ፣ 27 የቀን ስሞችን በቃላቸው ይዘው፣ ወርን ከወር ዓመትንም ከዓመት ያስተካክሉ ነበር፤ አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጥበብ ለዓለም ሊቃውንት አስተዋውቀዋል። ጊዜ እንግዲህ በሰማይና በመሬት ላይ ነበረ እንጂ በአንጓ ላይ አልነበረም።

ይሁን እንጂ አንጓው ራሱ ባዶ ሆኖ ኖሯል ማለት አይደለም። ሕመም የሚፈራው ሰው ክታቡን በቆዳ አሰፍቶ በክንዱ፣ በጦር ሜዳ የታወቀው ጀግና ከንጉሥ የተሸለመውን ቢተዋ እንዲሁ በክንዱ ያስር ነበር። በጉጂና በቦረና ዘንድ ደግሞ ለምርቃትና ለሥርዓት ከታረደው ከብት ቆዳ ላይ ቀጭን ጠፍር ይቀደድና ከነጠጕሩ በእጅ አንጓ ላይ ይጠለቃል፤ ስሙም ሜዲቻ ይባላል። እርጥብ ሆኖ የገባው ጠፍር በባለቤቱ እጅ ላይ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ የተመረቀበትንም ቀን ምስክር ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ በአንጓ ላይ ቆዳ ማሰርን የተማርነው ከአውሮፓ አይደለም፤ የተማርነው በቆዳው መካከል ሰዓት ማስቀመጥን ነው።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ ይህን የተማሩት ዘግይተው፣ ያውም እያፈሩ ነው። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ፍጻሜ ድረስ ወንዱ ሰዓቱን ከነሰንሰለቱ በሰደርያው ኪስ ይይዝ፣ በእጅ የሚታሰረው ግን እንደ አምባር ሁሉ የሴት ጌጥ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ልማዱን የሰበረው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዞችና በቦኤሮች መካከል በተደረገው ጦርነት ጊዜ አንዳንድ መኮንኖች የኪስ ሰዓታቸውን በቆዳ ማቀፊያ ከትተው በአንጓቸው ላይ አሰሩ፤ እነዚያም ማቀፊያዎች ከሰዓት ሠሪ ይልቅ የቆዳ ሰፊ ሥራ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ ሳንቶስ ዱሞን የተባለው ብራዚላዊ አየር በራሪ መሪውን ለቅቆ ኪሱን መፈተሽ ስለ ቸገረው፣ በፓሪስ የነበረው ወዳጁ ሉዊ ካርትየ በጠፍር የሚታሰር ሰዓት አበጀለት። ከዚያ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነገሩን ጨረሰው፤ በምሽግ ውስጥ የተኛ መኮንን መድፉ የሚተኮስበትን ደቂቃ እየጠበቀ ኪሱን ሲበረብር አይገኝምና፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ሁሉ ሰዓቱን በእጁ አስሮ ገባ፤ በእጅ ማሰር የሴት ነው ብሎ የሚስቅም ጠፋ።

በእኛ በኩል ይህ ለውጥ ብዙ ክርክር ያስነሣ አይመስለኝም። እጀ ጠባብና ኩታ የለበሰ ሰው የሰደርያ ኪስ የለውም፤ የኪስ ሰዓት ባለቤት ለመሆን በመጀመሪያ የፈረንጅ ልብስ ባለቤት መሆን ነበረበት። የእጅ ሰዓት ግን ከማንኛውም ልብስ ጋር የሚስማማ ከመሆኑ በላይ፣ አስቀድሜ እንዳልሁት፣ ክታብና ቢተዋ ለለመደ ክንድ እንግዳ አልነበረም።

ወደ ደቡብ ቆላ ሰዓትን ያመጣው ወታደር፣ ሾፌርና የመንግሥት ጸሐፊ ነው። በጥር 1928 ዓ.ም. የጣልያኑ የግራዚያኒ ጦር በገናሌ ዶሪያ በኩል የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገፍቶ ነገሌን በያዘ ጊዜ በካሚዮን ተጭኖ የገባው ጠላት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲወጣ ካሚዮኑን ብቻ ሳይሆን ቃላቱንም ትቶ ወጣ፤ ዛሬ የሻኪሶ ሰዓት ሠሪ ሣጥኑን ከፍቶ «ካቻቢቴውን አቀብለኝ፣ ፒንሳው የት ነው፣ ሞላው ተሰብሯል፣ ጎማ ቢሆን ይሻላል» ሲል፣ ሳያስበው ጣልያንኛ ይናገራል። ማሰሪያ፣ ጠፍር፣ ዘለበትና ወስፌ የሚሉት ግን የእኛው ናቸው። የቃላቱ ክፍፍል የሥራውን ክፍፍል በትክክል ያሳያል፤ የሰዓቱ ሆድ በባዕድ ስም፣ የሰዓቱ ማሰሪያ በአገር ስም ይጠራል።

ከነጻነት በኋላ የአዶላ ወርቅ የመንግሥት ትልቅ ሥራ ሆኖ ሲቀጥል፣ ወርቁን የሚመዝነው ጸሐፊ፣ ዘቡን የሚያፈራርቀው አዛዥ፣ ልጆቹን የሚያስተምረው መምህር፣ ሁሉም ሰዓት ያስፈልጋቸው ነበር፤ የሁሉም ማሰሪያ ደግሞ ቆዳ ነበረ። ቆዳ በቆላ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነገሌን ማሰብ ይበቃል። ላብ ሲደርቅ ጨው ይተዋል፤ ጨው የጠጣ ቆዳ በውሃ ካልታጠበና በቅባት ካልታሸ እንደ ቆሎ ይሰባበራል። ውሃ ደግሞ በዚያ አገር በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሠፈረው የ4ኛ ብርጌድ ጦር በአለቆቹ ላይ የተነሣው፣ ከክፉው ምግብ ሌላ፣ የውሃ ጉድጓዱ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ የመኮንኖቹን ጉድጓድ ተከልክሎ ስለ ነበረ እንደ ሆነ ይታወቃል፤ የዘመኑም አብዮት ከዚያች ጉድጓድ አፍ ነው የጀመረው የሚሉ አሉ። የሚጠጣው ውሃ ያጣ ወታደር የሰዓቱን ጠፍር ያጥብ ነበር ብዬ አላስብም።

አሁን ወደ ቆዳው ልመለስ፤ ይህ ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ ሊዘገይበት የሚገባው እዚህ ነውና። በሻኪሶ ገበያ ዳር፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንዲት ጠባብ መስታወታም ሣጥን ፊቱ አድርጎ የሚቀመጥ አንድ ወጣት ሰዓት ሠሪ ነበረ፤ ከጀርባው ባለው ጣውላ ላይ ማሰሪያዎቹ በየሚስማሩ ተሰቅለው ነፋስ ሲመጣ እንደ እባብ ይወዛወዙ ነበር። መጀመሪያ የሄድሁ ዕለት ዋጋውን ስጠይቀው አልመለሰልኝም፤ ይልቁንም ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገሩ ገርሞኝ ለምን እንደ ጠየቀኝ ብጠይቀው፣ «እጅዎ ውሃ የሚነካ ከሆነ ቆዳ አልሸጥልዎትም፤ ነገ ተመልሰው ይሰድቡኛል» አለ። ወርቅ አጣቢ ሲመጣ ጎማውን፣ ሾፌር ሲመጣ ጨርቁን፣ ሙሽራ ሲመጣ ብረቱን ያወርድለታል፤ ቆዳውን የሚያወርደው ለመምህር፣ ለጸሐፊና ለካህን ነው። ብዙ ሰው የሰዓት ማሰሪያ የሚመረጠው በመልክ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን በሥራ ነበር የሚመርጠው፤ እኔም እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላገኘሁም።

ሱቅ የሚሸጠው የቆዳ ማሰሪያ ልክ ያልሆነለት ሰው ቢመጣ ደግሞ ራሱ ይሠራ ነበር። ቁራጩን ቆዳ ከአንድ ጫማ ሰፊ ወዳጁ ያመጣል፤ በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በአውራ ጣቱ እየጫነ የላላውን ከጠበቀው ይለያል፤ ከሆድ በኩል የወጣ ቆዳ ይለጠጣል፣ ከጀርባ በኩል የወጣ ግን ልኩን ይዞ ይኖራልና፣ ጠፍሩን የሚቆርጠው ሁልጊዜ ከጀርባው ነው። የሰዓቱን ሁለት ጆሮዎች መካከል በክብሪት እንጨት ይለካል፤ የክብሪቱን እንጨት ልኩ ላይ በጥፍሩ ይሰብርና እርሱን በቆዳው ላይ አስተኝቶ ይቆርጣል። የበሬ ቆዳ ለላይኛው፣ የፍየል ሌጦ ለታችኛው ይሆናል፤ የበሬው ወፍራም ስለ ሆነ ይሸከማል፣ የፍየሉ ልስልስ ስለ ሆነ አንጓን አይልጥም። የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም ገበያ ስም ያለው መሆኑን አላውቅ ይሆናል ብሎ አስቦ፣ «የወሎ ፍየል ባገኝ ኖሮ ንጉሥ ያስረው ነበር» ይለኝ ነበር። ከዚያ ጫፉን ያጥፍና በሰም ባሸው ክር ይሰፋዋል፤ በወስፌው ሰባት ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳው ለምን ሰባት እንደ ሆነ ጠይቄው፣ «የቆላ እጅ ከጧት እስከ ማታ ያብጣል፤ ጧት በሦስተኛው፣ ከሰዓት በኋላ በአምስተኛው ይታሰራል» ብሎኛል። ይህንን የማንም አገር መጽሐፍ አላስተማረኝም፤ እጄን አይቼ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ቆዳውን ያለፋው ሰው ማን እንደ ሆነ ማሰብም ተገቢ ነው። በአገራችን ትውፊት ቆዳ የሚፍቀው፣ በእምቧይ ፍሬና በግራር ልጥ የሚያለፋው ባለ እጅ፣ ከብረት ቀጥቃጩና ከሸማኔው ጋር በስድብ የሚጠራ፣ ከገበታ የሚገለል ሰው ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ይመሰክራል። የሠለጠነ የተባለው ጸሐፊ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ የባሕር ማዶ ሰዓቱን በኩራት እያሳየ ሲሄድ፣ ሰዓቱን ከእጁ ጋር ያያዘለት ያው የተናቀው የፋቂ ጥበብ መሆኑን ቢያስተውል ኖሮ ምናልባት ሰላምታውን ባልከለከለው ነበር።

ብረቱ የመጣው ከቆዳው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ስፓይደል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በውስጡ ጥቃቅን ሞላ ያለው፣ ሲስቡት የሚለጠጥ ሲለቁት የሚሰበሰብ የብረት ማሰሪያ ለገበያ አወጣ፤ የዚህ ዓይነቱ ማሰሪያ ዘለበት የሌለው በመሆኑ በአንድ እጅ ይጠለቃል፣ ጠጕራም ክንድ ላይ ግን ጠጕሩን በሙሉ ይነቅላል። በእኛ ፎቶ ቤቶች ውስጥ ከቀረው የዚያ ዘመን ሥዕል ሁሉ ጐልቶ የሚታየው ይህ ነው። ወጣቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ግራ እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የኮቱን እጅጌ አውቆ ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ሰዓቱ ከነብረት ማሰሪያው እንዲያበራ ያደርጋል፤ አንዳንዱም ሰዓቱ የራሱ ሳይሆን ለዚያች ደቂቃ ከጓደኛው የተዋሰው ነበረ። ከጃፓን የመጣው «ሴኮ ፋይቭ» ከነብረት ማሰሪያው ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ደመወዝ ምልክት ሆኖ ሲኖር፣ ለሙሽራይቱ ከሚላከው ጥሎሽ ውስጥ ደግሞ ቀጭን ወርቅማ ሰዓት ከቀለበቱ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ወርቅማ የምለው በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው፤ በወርቅ ምድር ላይ እየረገጡ የሚኖሩ ሰዎች፣ የአፈራቸው ወርቅ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ በምላሹ ወርቅ የተቀባ ነሐስ ይመጣላቸው ነበር፤ ቅቡም በላብ እየታጠበ በዓመቱ አረንጓዴ ዝገት በአንጓ ላይ ይስላል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰዓት ለባለሟልና ለእንግዳ መሸለም የሚወዱ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። እርሳቸው ራሳቸው የያዙት ነው የተባለ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በጄኔቫ ክሪስቲስ በተባለው የጨረታ ቤት ለሽያጭ ቀርቦ፣ በባለቤትነቱ ላይ ክርክር ስለ ተነሣ ከጨረታው ወጣ። ጋዜጦች ሁሉ ስለ ወርቁና ስለ መዘውሩ ሲጽፉ ጃንሆይ በአንጓቸው ያሰሩት ቆዳ የት እንደ ደረሰ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ስለ ጨርቁ ማሰሪያ ለመናገር የራሴን ጉዳት መናገር ግድ ይሆንብኛል። ከአንድ ሱቅ «የጥጃ ቆዳ» ተብሎ የተሸጠልኝ ማሰሪያ ነበረኝ፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ሽታውም እንደ ቆዳ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን በሞርሞራ ወንዝ ዳር ቆሜ ወርቅ አጣቢዎች ሲሠሩ ስመለከት፣ ፊቴን ለመታጠብ ጐንበስ ባልሁ ጊዜ እጄ ቀለለኝ፤ ሰዓቴ ውሃ ውስጥ ገብቶ ማሰሪያው ግማሹ ብቻ በአንጓዬ ላይ ቀርቷል። የተቀደደውን አፉን ገልጬ ባየው ውስጡ ካርቶን ነው። አጣቢዎቹ አዝነውልኝ ገበቴያቸውን ይዘው ወደ ውሃው ገቡ፤ አሸዋውን እያነሡ፣ እያሽከረከሩ፣ ውሃውን ከነደለሉ እየደፉ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለጉልኝ። ከመካከላቸው ሸምገል ያለው በመጨረሻ ገበቴውን አስደገፈና፣ «ወርቅ ቢሆን ኖሮ ከብዶ ከሥሩ ይቀርልን ነበር» ብሎ ሳቀ። ሰዓቱ በዚያው ቀረ።

ያን ጊዜ ነው የሻኪሶው ወጣት የጨርቁን ማሰሪያ ያስተማረኝ። ሰዓትን ከማሰሪያው ጋር የሚያገናኘው በሁለቱ ጆሮዎች መካከል የሚገባ፣ ክር ያህል ቀጭን፣ በውስጡ ሞላ ያለበት የብረት ዘንግ ነው፤ ሰዓት ሠሪዎች «ፒን» ይሉታል። በቢላዋ ጫፍ ሲገፉት ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ሲለቁት ተፈናጥሮ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ከእጅ ካመለጠ ደግሞ እንደ ቁንጫ ይዘላልና በሻኪሶ ቀይ አፈር ላይ የወደቀን ፒን ፈልጎ ማግኘት ወርቅ ከማግኘት ይከብዳል። ሁለት ክፍል በሆነ ማሰሪያ ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ቢወልቅ ሰዓቱ ይወድቃል። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1973 ለወታደሮቹ ያወጣው የናይሎን ማሰሪያ ግን አንድ ወጥ ሆኖ፣ በሁለቱም ፒኖች ሥር ሾልኮ በሰዓቱ ሆድ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ አንዱ ፒን ቢወልቅ ሁለተኛው ይይዘዋል። ወርዱ 20 ሚሊሜትር፣ ቀለሙ ግራጫ ነበረ፤ ወታደሩ ጂ 10 በሚባል ቅጽ ፈርሞ ይረከበው ነበር፤ ዛሬ በየገበያው ነጋዴው «ኔቶ» ብሎ ይጠራዋል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱን ከማሳመር ይልቅ እንዳይወድቅ ለማድረግ ያሰበ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ሲቆሽሽ በሳሙና ይታጠባል፣ በፀሐይ በሩብ ሰዓት ይደርቃል፣ ጨው አይሰብረውም፣ ዋጋውም ከቆዳው ያንሳል። ጉድለቱ ግን አቧራውን በሽመናው መካከል መያዙ ነው፤ ስለዚህ ሾፌሮቹ «ሻኪሶ ለሦስት ወር ያሰርኸውን ጨርቅ በገበቴ ብታጥበው ወርቅ ይወጣሃል» እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ ከእውነት ብዙ አይርቅም። ስትራቦን የተባለው የጥንት ጸሐፊ፣ የወርቅ ጠጕር ስላለው በግ የሚነገረው የግሪኮች ተረት የመጣው የኮልኪስ አካባቢ ሰዎች ጠጕራም የበግ ለምድ በወንዝ ውስጥ አድርገው ወርቅ ይይዙ ስለ ነበረ ነው ብሎ ጽፏል፤ ዛሬም ብዙ ወርቅ አጣቢ የማጠቢያውን ገንዳ ወለል በሻካራ ጨርቅ የሚሸፍነው ለዚሁ ነው።

ስለ ጎማውና ስለ ፕላስቲኩ የምለው ጥቂት ነው። ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ኤፍ 91 ደብሊው የሚባለው ቀላል ሰዓት ከነፕላስቲክ ማሰሪያው በዓለም ሁሉ እንደ ተሠራጨ በሻኪሶም ተሠራጭቷል፤ ወርቅ አጣቢው ሳያወልቀው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ልጁም ትምህርት ቤት ያስረዋል። ክፋቱ ማሰሪያው ከሰዓቱ አካል ጋር አብሮ የተቀረጸ ያህል ሆኖ ሲሰበር በሌላ ለመተካት የሚያስቸግር መሆኑ ነው፤ ብዙውም ሰው ማሰሪያው ሲሰበር ሰዓቱን በኪሱ ይይዘዋል። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ወደ ኪስ ሰዓት ተመለስን ማለት ነው። ወጣቱ ሰዓት ሠሪ ግን በዚህም አይሸነፍም፤ የተሰበረውን ፕላስቲክ ቆርጦ በቦታው ከጫማ ቆዳ የተቀደደ ጠፍር ሲሰፋበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መልኩ አያምርም፤ ቢሆንም የጃፓን ሰዓት በጉጂ ቆዳ ታስሮ ይሄዳል።

አንድ የገበያ ቀን እዚያው ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ በትራቸውን የያዙ አንድ የጉጂ ሽማግሌ መጥተው ማሰሪያው የተበጠሰ አሮጌ ሴኮ ሣጥኑ ላይ አኖሩ። በግራ አንጓቸው ላይ ሁለት ሦስት የደረቀ ሜዲቻ ነበረ፤ አንደኛው ገና የላሟን ቀይ ጠጕር አልጣለም። ወጣቱ ተነሥቶ ሰላምታ ከሰጣቸው በኋላ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ የራሱን ሥራ ቆዳ አወረደላቸው። ሽማግሌው ጠፍሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው አጠፉት፣ አሸተቱት፣ ከዚያም «የምን ከብት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ላዩ በሬ፣ ሥሩ ፍየል ነው፣ አባ።»

ጥቂት ዝም አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጣቱ ሰዓቱን አያይዞ በአንጓቸው ላይ ሊያስርላቸው ሲል ግን እጃቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ሰዓቱ ሜዲቻውን እንዳይነካው፣ ከዚያ በላይ ይሁን አሉ። ከአንጓ በላይ ክንድ ይወፍራልና ሰባቱ ቀዳዳ አልደረሰም። ወጣቱም ጠፍሩን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አስተኛው፣ ወስፌውን አነሣ፣ ከመጨረሻው ቀዳዳ ወዲያ፣ ከጫፉ አጠገብ፣ ስምንተኛውን በሳላቸው።